አስፋልት ሲመጣ የጭቃ ጎማ

ጎበዝ! እናንተ ከእኔ ጋር ያረጃችሁ የፍኖተ ሰላም፣ የጅጋ፣ የማንኩሳና የቡሬ ሰዎች፣ ጉልበታችሁ እንዴት ከረመ? ለወግ ያህል አይደለም የምጠይቃችሁ። ዘንድሮ መኪና ለመሳፈር ጉልበት ይጠይቃል። ወትሮ ሰው መኪና ውስጥ ይገባ ነበር፤ አሁን ይወጣል። መጀመሪያ ብረቱን ይረግጣል፣ ቀጥሎ እጀታውን ይጨብጣል፣ ጋቢውን የሚሰበስብለት አንድ ሰው፣ ከታች የሚደግፈው ሌላ ሰው ይፈለግለታል፤ ይህ ሁሉ ተሟልቶ ላይ ሲደርስ ከዘራው ታች ቀርቷል። አበስኩ ገበርኩ!

ነገሩን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ይኖራል። ያረጀ ላንድክሩዘር አለው፣ ሃርድቶፕ የሚሉት፣ በናፍጣ የሚሠራ፤ ቶዮታ እንደ ፈረንጆቹ በ1984 ማውጣት የጀመረው ያ ባለ 70 ዘር። መቼም ይህን መኪና የማያውቅ የጎጃም ገጠር የለም። የግብርናው ሰው፣ የጤናው ሰው፣ የዕርዳታ ድርጅቱ ሰው፣ ሁሉም በእርሱ አይደል ቆላውን ከደጋው ያዳረሰው? ምን ጎደለው? ልጁ ግን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ሲከለከል፣ «እንግዲህ ሌላ አላገኝም፤ ያለችኝን ላሳምራት» አለኝ በስልክ። ማሳመር ማለት ሳሙናና ውሃ መስሎኝ መረቅሁት።

አሳመራት። ባሌስትራውን አውጥቶ ጎበጥ ያለ ሌላ ባሌስትራ አስገባ፤ መኪናው ተነሣ። አሞርቲዛቶሪውን በረዘመ ቀየረ። ከዚያ የፋብሪካውን ጎማ፣ 7.50-16 የሚባለውን፣ ከመሬት እስከ አናቱ 80 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነውን ጨዋ ጎማ አስወልቆ፣ 35 በ12.5 የሚሉትን አስገጠመ። 35ቱ የጎማው ቁመት በኢንች ነው፤ 12.5ቱ ወርዱ። 89 ሳንቲሜትር ቁመት፣ 32 ሳንቲሜትር ወርድ መሆኑ ነው። ያለ ቸርኬው ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከሩብ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል፣ ግን አይፈጭም።

ጎማው አልገባ ሲል ደግሞ ፓራፋንጎው ተቆረጠ። ልብ በሉ! በእኛ ጊዜ ጎማ አልገባ ካለ ጎማው ይመለሳል እንጂ መኪናው አይቆረጥም ነበር። ቸርኬውም ወደ ውጭ የገፋ ነው፤ ጎማው ከመኪናው ጎን አልፎ ይወጣና ጭቃውን በሩ ላይና በመንገደኛው ነጠላ ላይ ይረጫል። መናኸሪያ አጠገብ ያለ አንድ ጎሚስታ፣ ሐሰት የማይወድ ሰው፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ቶሎ አይዝም» አለ። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያምራል እኮ አጎቴ!» ድንቄም!

ለሐቁ ያህል፣ ልጁ ከነገረኝ አንዱ እውነት ነው። ባሌስትራ የሚያነሣው የመኪናውን አካል ብቻ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከነበረበት አይነቃነቅም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ነው፤ እርሱም ቢሆን የጭማሪውን ግማሽ ብቻ። ቁመቱ 9 ሳንቲሜትር የጨመረ ጎማ ገጥሞ ያተረፈው አራት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ለአራት ሳንቲሜትር ተኩል ይህ ሁሉ ብር! ስንት እንደፈጀበት አልነግራችሁም፤ የሰው ገንዘብ ማውራት ነውር ነው። ለጎረቤት ሁሉ የነገርሁት ይበቃል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ቆጣሪው ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚያውቀው ዙሩን ነው፣ የሚያስበውም የፋብሪካውን ጎማ ነው። ስለዚህ 80 ሲል መኪናው ወደ 88 ይሮጣል። 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ 90 ብቻ ይመዘግባል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ መንገዱ ዐጥሮ አገኘሁት፤ ማንኩሳ ከወትሮዋ ቀርባ ጠበቀችን። የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ ከዚያችው ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ ጊዮርጊስ ለትምህርት ሲሄድ ማን ቀነሰለት? አባቶቻችን ያስረከቡንን አገር በጎማ ይሸራርፉታል። ዕድሜዬን እንዲህ የሚቆጥርልኝ ባገኝ ግን አልጠላም።

ማርሹም ይከብዳል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ካልተቀየረ፣ ጎማው በረዘመ ቁጥር ሞተሩ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጁ ያን አልቀየረም፤ ብሩ አለቀ። የአባይን በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባ ነፍቶ አልፎታል፤ ራሱ ነው የነገረኝ።

እስቲ በማርያም፣ ያ ሁሉ የገጠጠ የጎማ ጥርስ የሚነክሰው ምኑን ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ አስፋልት ነው። አስፋልት ላይ ደግሞ ጎማው ያጓራል፤ ከውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም። ጭቃ በነበረ ጊዜ የጭቃ ጎማ አልነበረም። ጭቃው ሲጠፋ ጎማው መጣ።

የድሮ ጭቃ ጨዋ ነበር። እርግጥ መኪና ይይዝ ነበር፤ ግን በወግ ነው የሚይዘው። መንደሩ ወጥቶ ይገፋል፣ ጠላ ይቀርባል፣ ሹፌሩ የሰው ቤት ያድራል፣ ሲነጋ ክርስትና ያነሣል። በጭቃ ምክንያት የተጋቡ አውቃለሁ። ዝናቡም ቢሆን የሚዘንበው ሌሊት ሌሊት ነበር፤ ሰው ሥራ እንዳይፈታ። ዛሬ መኪናው አይያዝማ! ጓ ብሎ ያልፋል። ማን ከማን ይተዋወቅ?

እኛ ደግሞ በቅሎ ነበረን። የእኔዋ ልታይ ልታይ የማትል፣ ትሑት በቅሎ ነበረች። ግላሷ ቀይ ከፋይ፣ መርገፏ እስከ ጉልበቷ የሚዘናፈል፣ ሻኩራዋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ። ዕቃዋ ከራሷ ዋጋ ይበልጥ ነበር፤ ያ ግን ክብር ነው እንጂ ጌጥ አይደለም። ከጎረቤቴ በቅሎ በስንዝር ትረዝማለች ብዬ ነው የገዛኋት። ለመሳፈር የሚደግፈኝ አሽከር ነበረኝ፤ እንዲህ ያለ መወጣጫ ብረት አያስፈልግም ነበር።

ሰፊ እግር ጎጃም ላይ እንደማያዋጣ ደግሞ ዛሬ የታወቀ ነገር አይደለም። ጃንሆይ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ አድርገው ወደ ቡሬ ሲመጡ፣ አብሯቸው የነበረው የእንግሊዛዊው የዊንጌት ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር። ግመል እግሩ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ላይ አይሰምጥም። የጎጃም ዳገትና ብርድ ሲመጣበት ግን በሺ በሺው አለቀ። ሰፊ ጎማም ያው ግመል ነው። አሸዋና በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዋልካ ላይ ግን ላይ ላዩን ይዋኛል። ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ይወርድና ከታች ጠንካራውን መሬት ያገኛል። የዊሊስ ጂፕ ጎማ ወርዱ ስድስት ኢንች ነበር፤ በዚያ ጎማ በዓለም ጦርነት ድል ተገኝቷል። በ12.5 ኢንች ማን ማንን አሸነፈ?

ይህን ስለው ልጁ አይስላንድ የምትባል አገር አነሣብኝ። እዚያ 38 ኢንች ጎማ ይገጥማሉ፣ አየሩን አስተንፍሰው በረዶ ላይ ይነዳሉ፤ በእነርሱ 2007 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሰዎች በእንዲህ ያለ ሃይሉክስ ወደ ሰሜኑ ማግኔታዊ ዋልታ ሄደዋል አለኝ። ይሂዱ። ቡሬ ላይ በረዶ ቢጥል ምሳ ሳይደርስ ይቀልጣል።

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ በሽንዲ መስመር ወደ ገጠር ገብተን ነበር። ከጥርጊያው እንደወረድን ያ የተፎከረለት ጥርስ በቀይ ጭቃ ተሞልቶ ጎማው ልሙጥ ሆነ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ተቀመጠ። በጥማድ በሬ ነው የወጣነው። እንዴት ያለ ውርደት ነው! መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሲገፋን፣ ጠላ ይዘው ሲመጡ፣ «ካላደራችሁ» ብለው ሲማጠኑ፣ እኔ ከሀፍረቴ ቀና አላልኩም። ጊዜያችንን ፈጁት። በዚህ ዘመን ሰው መኪና ይዞ ጭቃ ውስጥ ይቀራል?

በሰርግ ጊዜ በዚሁ መኪና ከፊት መቀመጤን ያወሩ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ከፊት የተቀመጥሁት ከኋላ ስለሚያንገጫግጨኝ ነው። መስኮቱን ያወረድሁት ለአየር ነው። ፍኖተ ሰላምን፣ ለእኔ አሁንም ወጀት ናት፣ በገበያው ዳር ዙርልኝ ያልሁትም ልጁ ከተማውን እንዲያውቅ ብዬ ነው፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ ቢሆንም ሰው ይረሳል። ጤና ይስጥልኝ ስለው የማይመልስልኝ አንድ ጎረቤቴ በዚያን ዕለት አንገቱን ሰብሮ ወደ ላይ አይቶ ሰላም አለኝ። ከዚያ ከፍታ እንኳ ትዕቢቱ ይታያል።

የወለቁት የፋብሪካ ጎማዎች የት ገቡ ትሉኝ ይሆናል። «አደራ አጎቴ፣ ጎተራው ሥር ያስቀምጡልኝ» ብሎኝ ነበር፤ አስቀመጥሁለት። የናይለን ናቸው፣ ከጥርሳቸው ሥር ሽቦ የለባቸውም፤ የበረባሶ ሠሪው ቢላ ሲያርፍባቸው ደስ ይላል። ከአንደኛው ለእኔ፣ ለንስሐ አባቴና ለቤተ ዘመድ ወጣ፤ ሁለተኛው ተጀምሯል። ሰፋፊዎቹ ግን ሲያልቁም ሽቦ ስላለባቸው ለበረባሶ እንኳ አይሆኑም አለኝ ሠሪው፤ አንጀቴ ነው ያረረው። አሁን ልጁ ደወለ። የቦሎ ምርመራ ደርሷል፣ መኪናዋ በፋብሪካ ጎማዋ ነው መቅረብ ያለባት፣ አምስቱንም ይላኩልኝ ይላል። የዘንድሮን ልጅ አያችሁልኝ? ለአሮጌ ጎማ ሲል አጎቱን በባዶ እግሩ ሊያስኬድ!