የግንዱ ጭረት

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በአውስትራሊያ፣ የመሪ ወንዝ ሲሞላ ውኃ የሚያጥለቀልቀው ባርማ የሚባል ደን አለ። ዛፉ ቀይ ባሕር ዛፍ ነው፤ እኛ ከጓሯችን የምናውቀው ያ ዛፍ አገሩ እዚያ ነው። በአንደኛው ግንድ ላይ የካንጋሮ ሽማግሌዎች በየዓመቱ የግልገሎችን ቁመት በጥፍራቸው ይጭሩ ነበር። አንድ ዓመት አንዱ ግራጫ ግልገል ከጭረቶቹ ሁሉ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንጋው «ረጅሙ» አለው፤ በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ሆነች።

የደኑ እንስሳት የሚጫወቱት የአገሩን እግር ኳስ ነው፤ የሜልቦርን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1859 ሕጉን የጻፉለትን። ሜዳው ሞላላ፣ ኳሷም ሞላላ። በየወገኑ 18 ተጫዋች፣ በየጫፉ አራት ምሰሶ። ኳሷ ተመትታ በመካከለኞቹ ምሰሶዎች መሃል ካለፈች 6 ነጥብ፣ በዳር በኩል ካለፈች 1። ቢያንስ 15 ሜትር የተመታችን ኳስ ማንም ሳይነካት አየር ላይ የቀለበ ደግሞ ሳይገፉት ተረጋግቶ ይመታል። ታዲያ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ረጅም ካልተፈለገ ማን ይፈለጋል?

«መሃል ይግባ» አሉ ሽማግሌዎቹ። ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ሲሰዳት፣ ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ረጅም ዘሎ ለጓደኞቹ ሊያወርዳት ይታገላል። እዚያ ቦታ የቆዩት ግን ትከሻቸው ግንድ ያህላል፤ የልጁ አጥንት ገና አልጠናም። ረጅም ልጅ ቁመቱ ይቀድመዋል፤ ጉልበቱ ከዓመታት በኋላ ነው የሚደርስበት። እናቱ ይህን ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። ቀጥሎ ፊት፣ ጎሉ አጠገብ አቆሙት። ኳሱ ሁሉ ወደ እሱ፣ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ። አንዷን ሲስት እመት ኩካባራ ከቅርንጫፏ ላይ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ኳሷን መጠበቁን ትቶ ሳቋን ይጠብቅ ጀመር። እኔ አልፈርድበትም፤ ሜዳው በሙሉ አንድ ልጅ ትከሻ ላይ ተጭኖ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እያነከሰ ወጣ።

እግሩ እስኪድን ከምሰሶዎቹ ኋላ፣ አያ ዎምባት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። አያ ዎምባት አጭር ናቸው፤ ሁሉም ስለሚረዝማቸው ቁመት አይቆጥሩም። ልጁ ለራሱ ያጉረመርማል፦ «ወደ ቀኝ ልትወድቅ ነው።» ኳሷ ገና አልተመታችም። ተመታች፤ ወደ ቀኝ ወደቀች። «አሁን ደግሞ አጭር ትቀራለች።» ቀረች።

«በምን አወቅህ፣ ልጄ?»

«የመቺው ትከሻ ይነግረኛል፣ አያ። መሃል ስሆን ግፊያው ይጋርደኛል፤ ከዚህ ግን ሜዳው ሁሉ ፊት ለፊቴ ነው።»

አያ ዎምባት ሽማግሌዎቹን አስፈቅደው ኋላ፣ ከተከላካዮቹ ጋር አቆሙት። መንጋው ቅር አለው። «ይህን ቁመት ለኋላ? አባከናችሁት!» በመጀመሪያው ቀን ልጁ የሚጠብቀውን ባላጋራ ትቶ ኳሷን ሊቀልብ ሮጠ፤ አመለጠችው፤ 6 ነጥብ ተቆጠረ። አያ ዎምባት አላወጡትም። የሄዱት ወደ ትንሿ ዋላቢ ነበር። «እሱ ለመዝለል ሲሄድ፣ የተወውን አንቺ ያዢለት።» ለዚህ ሥራ የሚያጨበጭብ የለም። ዋላቢ ግን ሳምንት ከሳምንት ያዘችለት። ልጁም ጀርባው እንደማይከፈት ሲያውቅ እግሩ ሳያመነታ መነሣት ጀመረ። ባላጋራ በሰደዳት ኳስ ሥር ቀድሞ ይደርሳል፤ ከሁሉም ራስ በላይ ይቀልባታል፤ የወገኑ ማጥቃትም ከዚያው ይጀምራል።

ሦስት ክረምት አለፈ። በአራተኛው ሌላ ረጅም ግልገል ብቅ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ግንዱ ወሰዱት። ረጅሙ መጥቶ በልጁና በግንዱ መካከል ቆመ።

«ስምህ ማነው?» አለው።

ልጁ ነገረው። ረጅሙ ይዞት ወደ አያ ዎምባት ጉድጓድ ወረደና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ሰደዳት።