መጋረጃው ሳይከፈት ምሳ ደረሰ

እኔ በዕድሜዬ ያልተቀመጥኩበት ስብሰባ የለም። የገበሬ ማኅበሩን፣ የዕድሩን፣ የቀበሌውን፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ ለሌላ ስብሰባ መዘጋጃ የሚጠራውን ስብሰባ ሁሉ አሳልፌዋለሁ። የትያትር ባለሙያዎች ጉባኤ ግን ይለይ ይሆናል አልኩ። «አባባ፣ የቀድሞ የኪነት ሰው ነዎትና ይገኙልን» ብለው ሲደውሉልኝ ጋቢዬን ደርቤ ከአጅባር ተነሣሁ፤ በደሴ አድርጌ፣ በአውቶቡስ ተንገላትቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ትያትር ላይ ነዋ! የትያትር ሰው ሌላ ምን ሊያሳየኝ ይጠራኛል?

ያሳዩኝ ግድግዳ ላይ የበራ ጽሑፍ ነው።

ጥሪው ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል፤ የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው እየተባለ አራት ሰዓት አለፈ። አንገቴ ላይ ባጅ አጠለቁልኝ፤ ስሜ ተሳስቶ፣ ከሥሩ «ተሳታፊ» ተብሎ። ከዚያ አንድ ልጅ ማይኩን እየመታ «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ሲል ቆየ። ተዋናይ ነው አሉኝ። አዳራሹ ከእኔ ጓሮ ብዙም አይሰፋም። እዚያች ክፍል ውስጥ ያለ ማይክ የማይሰማ ሰው፣ እኛ ሀገር ሠርግ ላይ ሽለላ ቢሰጡት ከገደሉ ማዶ ያለው ጎረቤት ምኑን ይሰማዋል?

ቦታው ሆቴል ነው። በዚህ እንኳ አልከፋሁም፤ ትያትራችንም የተወለደው ሆቴል ውስጥ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ላይ የመድፍ ትምህርት ተምረው ከመጡ በኋላ፣ በ1913 ገደማ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው ቴራስ ሆቴል አሳዩ። ከላ ፎንቴን ተረቶች እየቀዱ አውሬ አናገሩ። አውሬዎቹ የመኳንንቱን ጠባይ ይዘው ስለመጡ ግን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የታገደው እኮ ነገሩ ለሰው ስለገባ ነው! የዛሬውን ጉባኤ ማን ያግደዋል? ሁለተኛው ጽሑፍ ሲቀርብ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ፣ ያውም አዘጋጅ ነው፣ ያንኮራፋ ነበር።

ሦስተኛው አቅራቢ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ስለ «አሳታፊ ትያትር» አስረዳን። ተመልካች ቁጭ ብሎ ማየት የለበትም፣ ወደ ጨዋታው መግባት አለበት አለ፤ አውጉስቶ ቦአል የሚባል ብራዚላዊ ያመጣው ነው ብሎ ቀስት የበዛበት ሥዕል አሳየ። ብራዚላዊውን አልነቅፍም፤ ደኅና ሰው ይመስላል። ግን ልጄ፣ ላሊበላ የሚሏቸውን ሰዎች ሰምተህ ታውቃለህ? ገና ሳይነጋ ደጅህ ላይ ይቆማሉ፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፣ አንዱ ያወጣል አንዱ ይቀበላል። ስምህን፣ የሚስትህን ስም፣ ልጅህ የደረሰበትን፣ የበሬህን መልክ ሳይቀር ቀደም ብለው ከጎረቤት ጠይቀው ይዘዋል። አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ በስምህ ስትወደስ ትሰማለህ። ዝም ስትል ውዳሴው ቀስ እያለ ወደ ነገር ይዞራል፤ ስስትህን ሰፈር ሁሉ ሊሰማው ነው። በአጅባር ብርድ ከአልጋ መውረድ ሞት ነው፤ ቢሆንም ትወርዳለህ፣ እህል ዘግነህ በባዶ እግርህ ትወጣለህ። ይኸው፣ ተመልካቹ ጨዋታው ውስጥ ገባ! መድረክ የለ፣ መብራት የለ፣ ትኬት ቆራጭ የለ። ካልዘፈኑ ቁምጥና ይይዛቸዋል ተብሎ ስለሚታመን ሌሊቱን ሳይወጡ አያድሩም። ስፖንሰር ካልተገኘ ትያትር አይቆምም የሚሉት ይህን ይስሙልኝ።

ይህንኑ ልናገር እጄን አወጣሁ። አወያይዋ «አባታችን፣ ሰዓት ስለገፋብን በሻይ ዕረፍት ያጫውቷቸዋል» አለችኝ። በሻይ ዕረፍት ልጁን ብፈልገው ሳምቡሳ ይዞ ፎቶ ይነሣል።

እኔ በኪነት ዘመን ባላባት ሆኜ ነበር የምጫወተው። መድረካችን ሜዳ፣ መጋረጃችን ጆንያ፣ መብራታችን ፋኖስ ነበር። ድርሰታችን መፈክር ይበዛበት ነበር፤ እሱን አልሸፍንም። ሆኖም ጭሰኛውን ስገርፍ አንዲት እናት ከተመልካች መሃል ተነሥተው በብትር አባረሩኝ፤ በማግስቱም ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጥልኝ ጠፋ። ሐያሲ ማለት እኚያ እናት ነበሩ! ማሪቱ ለገሰ የነበረችበት የወሎ ላሊበላ ኪነትማ ስሙ ሲጠራ አገሩ ሁሉ ይነቃ ነበር።

ከምሳ በኋላ «የትያትር መዳከም ምክንያቶች» በሚል በቡድን ተከፈልን። በጀት፣ አዳራሽ፣ የቴሌቪዥን ድራማ እየተባለ ትልቅ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ውሸት አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያልጠራ ተናጋሪ አልነበረም። ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ያናገረ ሰው ነው፣ ይጠራ። ግን ያን ያህል ተዋናይ በሞላበት አዳራሽ ከጸጋዬ አንዲት ትዕይንት ቆሞ የተጫወተ አላየሁም። የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ያነሣ ነበር፤ ርዕሱን ብቻ ጠርቶ ተቀመጠ። እኛ ድግስ ቤት ሄደን የምግብ ዝርዝር አንብበን ተመለስን።

ስብሰባና ትያትር አብረው አይሄዱም እንዳልል፣ ሀገር ፍቅር ራሱ በስብሰባ ነው የተነሣው። በ1927 ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት ማኅበር ሕዝቡን እየሰበሰበ በንግግርና በዜማ ያነሣሣ ነበር። ከዐባይ ማዶ የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤም ቅኔውን ይዞ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ነው። ከዚያ ስብሰባ የወጣ ሰው ደሙ ይሞቅ ነበር። እኔ ከዚህኛው የወጣሁት እግሬ ደንዝዞ ነው።

በመጨረሻ የአቋም መግለጫ ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ሰርተፊኬት ታደለ። የእኔው «ሥልጠናውን በሚገባ ስለተከታተሉ» ይላል። ሚስቴ ከምጣዱ በላይ ሰቅላዋለች፤ ጭስ ይዞታል።

የዓለም ትያትር ቀን ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ መጋቢት 18 ይከበራል፤ አንድ ታላቅ ሰው የጻፈው መልእክትም በየአገሩ ይነበባል። በዚያ ቀን ልትሰበሰቡ የምታስቡ ልጆቼ፣ መልእክቱን አንብቡና ወደ አጅባር ኑ። ማይክም ባጅም አታምጡ፤ ተጠንቶ ያለቀ አንድ ትያትር ይዛችሁ ኑ። በጉን እኔ አርዳለሁ። ጋቢ ግን ለየራሳችሁ ያዙ።