ያልተነካ ሞተር

ጎፋ አካባቢ ሁለት ሰው ማኪያቶ ይዞ ከተቀመጠ ሦስተኛዋ ኮሮላ ናት። «ዲኤክስን የሚያህል የለም፤ ብረቷ ብረት ነው!» ይላል አንዱ። «የ2007 ሞዴሏ ቪቪቲአይ ናት፣ 1.6፤ ስትነካት ትበራለች!» ይላል ሌላው። የት እንደምትበር ግን አይናገርም፤ ጎተራ ማሳለጫ ስትደርስ ከ1.3ቷ ዲኤክስ ኋላ ተሰልፋ፣ ከአይሱዙ ጎን ጭስ ትምጋለች።

ደላላው በሞተር አይጨቃጨቅም፣ የሚያነበው ሰሌዳ ነው። «ኮድ 2 ቢ፣ በሴት የተያዘች፣ ሞተሯ ያልተነካ!» ኮፈኑ ሲከፈት የሞተሩ ክዳን ዙሪያ ትኩስ ሲሊኮን ተለቅልቋል። ያልተነካን ሞተር ማን ለጠፈው? «ለጥንቃቄ ነው ጋሼ።»

ደግሞስ የሞተርን ክርክር መንግሥት ጨርሶት የለ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አዲስ መኪና እስከ 1300 ሲሲ ከሆነ 5 በመቶ፣ ከዚያ አልፎ እስከ 1800 ከሆነ 60 በመቶ አለ። ለዚያች ጥቂት ጉልበት ማለት ነው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ቀረ። ይኸው አሁን ባለ ዲኤክሱ ዋጋ ሲጠየቅ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ባለ ኤሌክትሪክ መኪናው ጎረቤታቸው ሲሲ የለውም፤ ስለዚህ ሲጨቃጨቁ ዝም ብሎ ይሰማል። መብራት ሲጠፋ ግን ቤት ድረስ የሚሸኙት እነሱ ናቸው።