አዋጅ ቁጥር 33⅓፦ የሸክላ ማጫወቻ መርፌን በመካከለኛ ዋጋ ለማሻሻል የወጣ አዋጅ

የሳሎን ነጋሪት ጋዜጣ፣ ልዩ እትም

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ስታሰማ ግን ወለሉን እየረገጥክ አትሩጥ፤ መርፌው ይዘላል።

መግቢያ

ከማጫወቻው ጋር ከፋብሪካ የመጣው መርፌ ከሸክላው ዳር ሲነሳ ደህና ዘፍኖ፣ ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር ግን «ሰ»ን ወደ «ሸ»፣ «ሸ»ን ወደ ፉጨት እየለወጠ ዘፋኙን ሁሉ ኮልታፋ ማድረጉ በሸንጎው ፊት በመረጋገጡ፤

ጥፋቱም የዘፋኙ ሳይሆን መርፌው የሚሄድበት የሸክላው ቦይ ሆኖ በመገኘቱ፤ ይኸውም በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ትልቅ ሸክላ ዳሩ ላይ በሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ በመርፌው ሥር ሲያሳልፍ፣ መጨረሻው ላይ ግን 21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ያው «ሰ» ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጠቅጥቆ እንዲጻፍ በመገደዱ፤

ማጫወቻ ያለው ሰው ሁሉ «የትኛውን ልግዛ?» እያለ በመጠየቁ፣ ለጥያቄውም ከጠያቂው ቁጥር የበለጠ መልስ በመሰጠቱ፣ በዚህም ምክንያት የቡና ሰዓት ሰላም በመደፍረሱ፤

ያልተጻፈው የሳሎኑ ሕገ መንግሥት በሰጠው ሥልጣን መሠረት ሸንጎው የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመርፌ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ለመጥቀስ የሚገደድ ሰው ግን የለም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ካርትሪጅ» ማለት በማጫወቻው ክንድ ጫፍ የተንጠለጠለች፣ የመርፌዋን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ ትንሽ ሣጥን ናት። «መርፌ» ማለት ከሣጥኗ ሥር ከወጣችው ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የተቀመጠው አልማዝ፣ ከነዘንጉ ነው። «መካከለኛ ዋጋ» ማለት ከ150 እስከ 400 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡ ወደ ብር ሲመነዘር መካከለኛነቱን ቢያጣ ሸንጎው አይጠየቅም። «ሸንጎ» ማለት የዚህ አዋጅ ጸሐፊ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤውም ጸሐፊው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይሟላል። የሳሎኑ፣ የማጫወቻውና የትንንሾቹ ሸክላዎች ሕጋዊ ባለርስት ከዚህ በኋላ «እማዬ» እየተባሉ ይጠራሉ።

አንቀጽ 3። የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ተፈጻሚ የሚሆነው 12.7 ሚሊ ሜትር በተራራቁ ሁለት ብሎኖች የታሰረች ካርትሪጅ ባላቸው ማጫወቻዎች ላይ ነው። የእንግሊዙ ሬጋ ለራሱ ካርትሪጆች ሦስተኛ ብሎን የጨመረ ቢሆንም ባለሁለት ብሎኖቹንም ስለሚቀበል ልዩ ባህሉ ይከበርለታል። ሻንጣ መሳዮቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ካርትሪጃቸው ከክንዱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ የሳሎን ነዋሪነታቸው ታውቆ የመምረጥ መብት ግን አይኖራቸውም።

አንቀጽ 4። ቅድመ ምርመራ

1. ረቂቁ ለአስተያየት በቀረበበት ዕለት እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀዋል፦ «ያለው ምን ሆነ?» ሸንጎው ለረጅም ጊዜ ተወያይቶ በቂ መልስ ስላጣ፣ ይህ አንቀጽ ተጨምሯል።

2. ማንኛውም ሰው አዲስ ካርትሪጅ ከመግዛቱ በፊት የያዘውን መርፌ ከኋላ ወደ ፊት በብሩሽ ይጠርጋል፤ ማጫወቻው ያለበት ጠረጴዛ ያልዘመመ መሆኑን ያያል፤ በመርፌው ላይ ያረፈውን ክብደት በትንሽ ሚዛን ይለካል። ከካርትሪጆቹ የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ይፈልጋል፤ የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም። መርፌ ዘለለ ተብሎ አንድ ብር ሳንቲም ክንዱ ላይ መጫን ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። በተቃራኒው «ሸክላው እንዳይጎዳ» በሚል ርኅራኄ ክብደቱን ከታዘዘው በታች መቀነስም ተከልክሏል፤ ቀልሎት ቦዩ ውስጥ የሚንገዋለል አልማዝ በልኩ ከተጫነው የበለጠ ግድግዳ ይፍቃል።

3. የመርፌው አቀማመጥ ሁለት ነጥብ ባለው የማስተካከያ ወረቀት ይፈተሻል። በብዛት በሚሠራበት ስሌት ነጥቦቹ ከሸክላው እምብርት 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። ሸንጎው ሳይወድ በግድ እንደሚያምነው፣ «መርፌዬ መጥፎ ነው» ብሎ የሚያማርረው ሰው ብዙ ጊዜ መርፌው ጠሞ የታሰረበት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብሎኑን አላልቶ ካስተካከለ በኋላ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። የቀሩት ወደ አንቀጽ 5 ያልፋሉ።

አንቀጽ 5። ገንዘቡ የት እንደሚገባ

1. በመካከለኛው ዋጋ ክልል ጭማሪው በዋናነት የሚከፈለው ለሣጥኗ ሳይሆን ለአልማዙ አቆራረጥ ነው። በሣጥን ቀለም ተማርኮ የሚገዛ ሰው ሕግ አልጣሰም፤ ሆኖም ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ እንዲያነብ ይገደዳል።

2. ቦዩን መጀመሪያ የቆፈረው መቁረጫ ስለታም ጠርዝ ነበረው። የርካሹ መርፌ ጫፍ ግን ድቡልቡል ነው፤ ሰፋ ያለውን ጠመዝማዛ በምቾት ይሄድና ጥቃቅኑ ሞገድ ጋ ሲደርስ ውስጡ መግባት አቅቶት በላዩ ያልፋል። ሞላላው ጫፍ ጎኑ ስለቀጠነ ይሻላል። ማይክሮላይን፣ ፋይንላይንና ሺባታ የሚባሉት አቆራረጦች ደግሞ የቦዩን ግድግዳ በቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች ይነካሉ። በመግቢያው የተከሰሰው «ሰ» በነጻ የሚለቀቀው እዚህ ላይ ነው።

3. ሁሉም አልማዝ እኩል አይደለም። በርካሾቹ ላይ አልማዙ ቅንጣት ሆኖ በብረት ጉቶ ጫፍ ይጣበቃል፤ ከፍ ባሉት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ አልማዝ ነው፤ ስለሚቀልም ለቦዩ ቶሎ ይታዘዛል። የኦርቶፎን 2ኤም ብሉ ከሬድ የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው፤ ሁለቱም ሞላላ ናቸው።

4. ለታሪክ እንዲመዘገብ፦ ሺባታ የተባለው አቆራረጥ በፈጠረው በጃፓኑ ጄቪሲ መሐንዲስ ስም ይጠራል። የተሠራውም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሁለት ይልቅ በአራት ድምፅ ማጉያ ለሚደመጥ ሸክላ ነበር። ያ ሸክላ ትርፉን ድምፅ የሚደብቀው ጆሮ በማይደርስበት፣ በ30 ኪሎ ኸርዝ ዙሪያ ስለነበር ድቡልቡሉ መርፌ አላነበበውም። አራቱ ድምፅ ማጉያ ገበያ አጥቶ ሞተ፤ መርፌው ግን ኖረ። ሸንጎው ከዚህ ስለ መንግሥታዊ ፕሮጀክቶች የሚማር ሰው ካለ አይከለክልም።

5. ጥራትን ለማይሰማ፣ ሒሳብን ግን ለሚሰማ ዜጋ፦ በኦዲዮ-ቴክኒካ የራሱ ግምት ሞላላው መርፌ 300 ሰዓት፣ ድቡልቡሉ 500፣ ማይክሮላይኑ 1000 ሰዓት ያገለግላል። ዋጋ ለሰዓት ሲካፈል ውዱ ርካሽ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ይህ ንዑስ አንቀጽ ለእማዬ በጽሑፍ ቀርቦ እስካሁን መልስ አልተሰጠበትም።

አንቀጽ 6። ስለ ቤተሰብ

1. ካርትሪጅ ብቻውን አይገዛም፤ ዘመድ አዝማዱ ይጠየቃል። የኦርቶፎን ሬድና ብሉ በሣጥን አንድ ናቸው፤ ሬድ ያለው ሰው ብሎን ሳይነካ የብሉን መርፌ ብቻ ገዝቶ ሳብ አድርጎ ያወጣል፣ ገፋ አድርጎ ይሰካል። ከዚያው ቤተሰብ ከፍ ያሉት ብሮንዝና ብላክም እርስ በርሳቸው እንዲሁ ናቸው፤ ከታችኞቹ ጋር ግን የሣጥን ዝምድና የላቸውም፤ ከሬድ ተነስቶ ብሮንዝ መድረስ የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ይገዛል።

2. የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 ቤተሰብ ግን ከድቡልቡሉ እስከ ሺባታው በአንድ ሣጥን ይኖራል። ስለዚህ ሸንጎው ያለ ድምፅ ተዓቅቦ እንደሚከተለው ወስኗል፦ ሬድ የያዘ ሰው የብሉን መርፌ ይግዛና ይረፍ፤ ከባዶ የሚነሳ ሰው ቪኤም95ኤምኤልን፣ ማለትም የቤተሰቡን ማይክሮላይን ይግዛ።

3. የአሜሪካው ሹር በ2018 እ.ኤ.አ. ካርትሪጅ መሥራት አቁሟል። የሹር ሣጥን ይዘው የቀሩ ወገኖች ሌሎች ኩባንያዎች በሚሠሩላቸው ምትክ መርፌዎች እየኖሩ ነው፤ ሸንጎው ያዝንላቸዋል።

አንቀጽ 7። ስለ ተንቀሳቃሽ ጥቅል ሽቦ

እስካሁን የተጠቀሱት ካርትሪጆች ማግኔታቸው የሚንቀሳቀስ ነው። ሌላው ወገን ማግኔቱን አስቀምጦ የሽቦውን ጥቅል ያንቀሳቅሳል፤ በዚህ ወገን ስሙ የገነነው የዴኖን ዲኤል-103 በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጃፓን ብሔራዊ ማሠራጫ ከኤንኤችኬ ጋር የተሠራ፣ ዛሬም ያልተቋረጠ ሽማግሌ ነው። ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አልጋ ወራሽ የማይሻው ንጉሥ ያደርገዋል፤ አንቀጽ 5ን ለማሳፈር የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን የሚያወጣው 0.3 ሚሊ ቮልት ነው፤ 2ኤም ሬድ 5.5 ያወጣል። ያን ሹክሹክታ የሚያነሳ ተጨማሪ ማጉያና ከበድ ያለ ክንድ ይፈልጋል፤ መርፌው ሲያልቅም በቤት ውስጥ አይቀየርም። ሣጥኑ በመካከለኛ ዋጋ ተገዝቶ አጃቢዎቹ በከፍተኛ ዋጋ ስለሚከተሉ፣ ሸንጎው ይህን ወገን በአክብሮት አሳልፎታል።

አንቀጽ 8። ስለ እማዬ ሸክላዎች

1. አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ከመሠረተ ወዲህ፣ ፊሊፕስና ካይፋም ጭምር ያወጧቸው በ45 ዙር የሚጫወቱ ትንንሽ ሸክላዎች በዚህ ሳሎን የማይነካ ርስት ናቸው። በየሠርጉና በየቡና ቤቱ በከባድ ክንድ ሲታረሱ የኖሩ ስለሆነ፣ ቀጭኑ መርፌ በእነሱ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል፦ አንዳንዴ አሮጌው መርፌ ያልነካውን የግድግዳ ክፍል አግኝቶ ብዙነሽ በቀለን እንደ አዲስ ያመጣታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጭረቱን ሁሉ ስም እየጠራ ይቆጥራል። ከመሞከር በቀር መንገድ የለም፤ ስለዚህ አሮጌውን መርፌ የሚጥል ሰው ይቀጣል። ሣጥኑ አንድ ከሆነ ለአዲስ አልበም ማይክሮላይኑን፣ ለቆሰለው ሸክላ የድሮውን መሰካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

2. በ78 ዙር የሚጫወቱትን፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ካስቀረጿቸው ዓይነት የጥንት ሸክላዎች በእነዚህ መርፌዎች መንካት ከባድ ወንጀል ነው። የእነሱ ቦይ ሰፊ ስለሆነ የጫፉ ሬዲየስ 75 ማይክሮን ገደማ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ለዘመናዊው ሸክላ የሚሠራው ድቡልቡል መርፌ 18 ገደማ ነው። ቀጭኑ መርፌ እስከ ቦዩ ወለል ወርዶ አቧራ ያዳምጣል። የቪኤም95 ቤተሰብ ለዚህም ኤስፒ የሚባል ልጅ አለው፤ አንቀጽ 6ን ሸንጎው ያጸደቀው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንቀጽ 9። ስለ ሽቦና ማጉያ

ከካርትሪጁ ጀርባ የሚሰኩት አራቱ ሽቦዎች ነጭ ለግራ፣ ሰማያዊ ለግራ መመለሻ፣ ቀይ ለቀኝ፣ አረንጓዴ ለቀኝ መመለሻ ናቸው። በጥርስ መንከስ አይፈቀድም። የማጉያው መግቢያ 47 ኪሎ ኦም ይኑረው፤ ይህንንም አብዛኛው ያሟላል። በካፓሲታንስ በኩል ቪኤም95 ከ100 እስከ 200 ፒኮ ፋራድ፣ 2ኤም ከ150 እስከ 300 ይጠይቃሉ፤ ረጅም ኬብል ይህን ቁጥር ስለሚያሳብጠው ማጫወቻውን ሳሎን፣ ማጉያውን መኝታ ቤት ማድረግ ክልክል ነው።

አንቀጽ 10። ስለ መወልወያ ጨርቅ

በበዓል ዋዜማ በቅን ልቦና የሚደረግ ውልወላ ብዙ አልማዝ ፈጅቷል። ጨርቅ ከክንዱ አንድ ክንድ ይርቃል። ረከቦትና ዕጣን ማጨሻ ከማጫወቻው በታች አይቀመጡም። ይህ ድንጋጌ እማዬን አይመለከትም፤ ሊመለከታቸው ቢሞክርም አይሳካለትም።

አንቀጽ 11። የተከለከሉ ንግግሮች

አዲስ ካርትሪጅ የገዛ ሰው «ገና አልተከፈተም፤ ቆይ ይከፈታል» ማለት የሚችለው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። መርፌዋን የያዘችው ላስቲክ ጥቂት መላላቷ አይካድም፤ ከዚያ በኋላ የሚላላው ጆሮ ነው። እንግዳ ቡናውን ሳይጠጣ «ልዩነቱን ሰማህ?» ብሎ ማፋጠጥም በወንጀል ያስጠይቃል። እንግዳው «አዎ» ካለ በይሉኝታ እንደተናገረ ይገመታል።

አንቀጽ 12። ቅጣት

አዋጁን የጣሰ ሰው ለአንድ ወር ካሴት ብቻ ያዳምጣል፤ ሲጠላለፍም በእስክሪብቶ ራሱ ይጠመጥማል።

አንቀጽ 13። የተሻሩ ሕጎች

አዋጅ ቁጥር 45 እና አዋጅ ቁጥር 78 ተሽረዋል። ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ደንብ፣ መመሪያ ወይም የጎረቤት ምክር በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 14። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት፣ አንቀጽ 4 ሳይፈጸም፣ በዱባይ በምትኖር የአክስት ልጅ በኩል የታዘዘ፣ ቀዩ መርፌዋ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ አንዲት ካርትሪጅ እንደ ሕጋዊ ይዞታ ትቆጠራለች። የማን እንደሆነች መጠየቅ ለሳሎኑ ጸጥታ አስጊ ሆኖ ተገኝቷል።

አንቀጽ 15። አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከላይ የተጠቀሰችው ዘመድ ሻንጣ ሳሎኑ ውስጥ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የፀና ይሆናል።

የሸንጎው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል

በኅዳጉ ላይ በእማዬ እጅ የተጻፈ፦ «ደረሰኙን ሳላይ አልፈርምም።»