ሥራ ፈጣሪ ሆይ፣ አደራ እንዳትሠራ

አሜሪካ ለትምህርት ልትሄድ ነው? እንኳን ደስ ያለህ። ቆንስሉ «ስትጨርስ ምን ታደርጋለህ?» ሲልህ «ድርጅት እከፍታለሁ» በል፤ «አዲስ አበባ» ማለትን ግን አትርሳ። የኤፍ ዋን ቪዛ ተምሮ ለሚመለስ ሰው ነውና፣ ያቺን ከዘነጋህ ሥራ ፈጣሪነትህ ከመስኮቱ አያልፍም።

እዚያ ከደረስክ በኋላ የንግድ ሐሳብ ቢመጣብህ አትደንግጥ። ማሰብ አልተከለከለም። ኩባንያ ማስመዝገብም አልተከለከለም፤ ዴላዌር ላይ በኢንተርኔት ታስመዘግባለህ፣ አክሲዮኑም የአንተ ይሆናል። የተከለከለው መሥራት ነው። ስለዚህ ዶርምህ ውስጥ ተቀምጠህ ኩባንያህን በፍቅር ተመልከተው። ደንበኛ ሲደውል ስልኩን አታንሳ። አፑ ሲበላሽ እጅህን ኪስህ ክተት። «ደመወዝ አልወስድም እኮ» ብለህ አትጽናና፤ ለገዛ ድርጅት በነጻ መድከምም ሥራ ተብሎ ሊቆጠርብህ ይችላል። ጉልበት ከተረፈህ ካፍቴሪያው አለልህ፤ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ግቢ ውስጥ ሳህን ብታጥብ ሕጉ ይመርቅሃል።

ስትመረቅ ኦፒቲ የሚባል የ12 ወር የሥራ ፈቃድ እፎይታ አለ። አሁን የራስህን ድርጅት ማንቀሳቀስ ትችላለህ፤ ብቻ ከተማርከው ጋር ይገናኝ። ባዮሎጂ ተምረህ የእንጀራ ንግድ ካማረህ፣ ስለ እርሾ ረቂቅ ተሕዋስያን የምታስረዳበት ወረቀት ከወዲሁ አዘጋጅ። ሥራ ፈተህ የተቀመጥክባቸው ቀናትም በድምሩ ከ90 እንዳይበልጡ ቁጠር። ትናንት መሥራት ጥፋት ነበር፤ ዛሬ አለመሥራት ሆኗል።

ትምህርትህ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስና ወይም ሒሳብ ከሆነ 24 ወር ይጨመርልሃል። ነገር ግን የሥልጠና ዕቅድህን የሚፈርም አሠሪ ያስፈልግሃል፤ ለራስህ ራስህ መፈረም አትችልም። እንግዲህ ለገዛ ድርጅትህ አለቃ ፈልግ። በቃለ መጠይቁ ላይ ትሕትና አይለይህ፤ ዛሬ የምትቀጥረው ሰው ነገ ገምጋሚህ ነው።

ቀጥሎ ኤች ዋን ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ ይመጣል፤ በዓመት 85,000 ቦታ፣ ያውም በዕጣ። ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ የድርጅት ባለቤት በገዛ ድርጅቱ በኩል ማመልከት እንደሚችል ደንቡ በግልጽ ይናገራል፤ አብላጫው ድርሻ የእሱ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ፈቃድ ከ18 ወር አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ዕቅድ ያዝ፤ ለገንዘብ ሰጪዎችህ የአሥር ዓመት፣ ለኢሚግሬሽን የ18 ወር። ሁለቱን በአንድ ፖስታ እንዳትልክ።

ይህ ሁሉ ካደከመህ ኢትዮጵያዊነትህ ይደርስልሃል። በ1953 (እ.ኤ.አ.) በጸና ውል መሠረት የኢትዮጵያ ዜጋ ኢ ቱ የተባለውን የኢንቨስተር ቪዛ መጠየቅ ይችላል፤ ሕንዳዊው የክፍል ጓደኛህ እንኳ ይህ በር የለውም። ደስ አይልም? ዝቅተኛው ገንዘብ በሕግ አልተቆረጠም፤ ለንግዱ የሚበቃ፣ የአንተ የሆነና ኪሳራ ሊበላው የሚችል ይሁን ብቻ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሠርተህ እንዳትል፣ ከላይ ተነጋግረናል። ከአገር ቤት እንዳታስልክ፣ ብርን ዶላር አድርጎ ማስወጣት ራሱን የቻለ ዲግሪ ይጠይቃል። ስጦታ ግን ይፈቀዳል። እንግዲህ ወዳጄ፣ አሜሪካ ውስጥ በወጣትነትህ ሥራ ፈጣሪ መሆን ካማረህ ሁለት ነገር አሟላ፤ አንደኛ አንተ ሠርተህ የማታውቅ ሁን፣ ሁለተኛ ሲሠራ የኖረ አጎት ይኑርህ።