የገዙትን አፍርሰው፣ ያልገዙትን ይዘው

አዲስ አበቤ ጡረታው ሲቃረብ ክፍለ ሀገር የመግባት አምሮት ይይዘዋል። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከሁለተኛው በላይ አልተባበር ብሏል። ታች ያለችው ጎረቤት በርበሬ ስታምስ የሚያነጥሰው እሱ ነው። እንዲህ በሆነበት ሰሞን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከአንድ የወለጋ ሰው አጠገብ ይቀመጣል። ሰውየው ስለ ዲጋ ያወጋዋል፤ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲሄዱ ስላለችው ዲጋ፤ ማንጎው ደጅ ላይ፣ ቡናው ጓሮ። ቀጥሎ የቤት ዋጋ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ የሟች ነገር ይረሳል። የእኛ ሰው የንፍሮ ሳህኑን እንደያዘ ኮንዶሚኒየሙን ሸጦ፣ ቤት ገዝቶ፣ በተረፈው መኪና ጨምሮበታል።

ቤት ሊያይ የሚሄደው በጥር ነው። ሁሉም የሚሄደው በጥር ነው። 330 ኪሎ ሜትር ገደማውን በአምቦና በባኮ አቆራርጦ (መንገዱ ሰላም በሰነበተ ጊዜ ነው እንግዲህ) ነቀምቴ ያድርና በማግስቱ ዲጋ ይደርሳል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የተለቀመው ቡና በየደጁ ተሰጥቷል፤ አየሩ ሐኪም ያዘዘው ይመስላል። ወለጋ ግንቦት ላይ የጀመረው ዝናብ እስከ ጥቅምት እንደማይለቃት ደላላው አልደበቀውም። አልተጠየቀማ! ገዢው የሚጠይቀው ስለ አየሩ ነው። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በሐምሌ አይሱዙ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በየት በኩል እንደሚገባ፣ የጎረቤት ከብት ወደ ወንዝ ሲወርድ ማንን አቋርጦ እንደሚያልፍ አይጠይቅም። ይልቅ በሬ እንደሚገዛ ሰው ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ግድግዳው ምን ሊነግረው እንደሚችል እንጃ፤ ጭቃ ነው።

መታየት ያለባትስ ቤቷ ነበረች። ሁለት ክፍል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘመመች፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ በሯ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ። ደላላው ግን «ጋሼ፣ ይቺ ቤት እኮ የዋዛ ቤት አይደለችም» ይላል። ሻጩ አዛውንት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ገዢውም ያደንቃል። ከሦስቱ አንዳቸውም ስለ መሬቱ ትንፍሽ አይሉም፤ ዓይናቸው ግን ከአጥር እስከ አጥር ይመላለሳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። የሚሸጠው ከመሬቱ በላይ ያለው ነው። እንግዲህ በሚሊዮን የሚቆጠረው ብር ሁሉ በወረቀት ደረጃ የተከፈለው ለዚያች ላዘመመች ጎጆ ነው። እንዲህ ያለች ቤት ያለው ሻጭ በባህር ዛፍ ግንድ ደግፎ የሚያቆማት ሊኖርባት አይደለም። እስከ ፊርማው ቀን ቆማ ብትደርስለት ይበቃዋል።

የውሉ ቀን ራሱን የቻለ ትያትር ነው። የልጅ ልጅ ያዩትን ሻጭ ያላገቡ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጡ ይሏቸዋል። እሳቸውም ሚስታቸውን ከቀበሩ ዓመታት ማለፋቸውን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታሉ። ከዚያ የዋጋው ነገር ይመጣል። ስም ለማዛወር የሚከፈለው ከዋጋው ላይ ስለሚሰላ፣ ገዢና ሻጭ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ቆመው ወረቀቱ ላይ ምን ያህል እንደሚሰፍር ይመካከራሉ። አብረው ለመዋሸት ይተማመናሉ፤ ገንዘቡን ለመቁጠር ግን ምስክር ያቆማሉ። ነገ ቢካሰሱ ዳኛው የሚያየው የትኛውን ዋጋ እንደሆነ የሚያስብ ሰው ገና አላየሁም።

ይኼ ሁሉ አልፎ ካርታ በስሙ ሊወጣለት ሲል ሌላ ወሬ ይሰማል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በውርስ ካልሆነ በቀር እጅ የቀየረ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል፤ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት። ባለ ርስት ሆንኩ ብሎ ድግስ ያሰበው ሰው የመንግሥት ተከራይ ሆኖ አረፈው። ቢሆንም በስልሳ ዓመቱ የ99 ዓመት ውል የሚፈርም ሰው ፊት ላይ የሚነበበው ተስፋ ያስቀናል።

አቋራጭ አለ የሚል ደላላም አይጠፋም። አቋራጩ ከከተማው ጠርዝ ያለ የገበሬ ማሳ ነው፤ ለማመካኛ የምትሆን ጎጆ እንኳ የለበትም። ስለዚህ ስጦታ ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ወይ ደግሞ ገበሬው ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ ብሎ ይፈርማል። ተበዳሪው አንድ ቀን ብሩን ቋጥሮ መጥቶ «ብድርህን እንካ» ቢለው፣ አበዳሪው ግድግዳ ያቆመበትን ቦታ ተሸክሞት ሊሄድ ነው?

የእኛ ሰው ግን በሕጉ የሄደ ነው። ውሉ በተፈረመ በሳምንቱ ቤቷን አስፈረሳት፤ ለግማሽ ቀን የሚሆን ሥራ እንኳ አልነበራትም። አጥሩ ላይ የተንዠረገገውን ሐረግም «ይሄን አረም አንሱልኝ» አለ። ሐረጉ አንጮቴ ነው። ሠራተኞቹ ተያዩና ነቀሉት፤ አንዷ ሥሩን በነጠላዋ ቋጥራ ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። በመስቀል ከገበያ በውድ የገዛውን አንጮቴ በቅቤ እየበላ፣ ከአዲስ አበባ ለመጡት እንግዶቹ «እዚህ አገር እኮ የማይበቅል ነገር የለም» ይላል።

አዲስ አበባን ሸሽቶ መጥቶ አዲስ አበባን ሠራ። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ብሎኬት፣ ላዩ እሾሃማ ሽቦ፣ በሩ የብረት። ማንጎው ሴራሚኩ ላይ ቅጠል ያራግፋል ተብሎ ተቆረጠ። በሐምሌ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቴሌቪዥኑ አይሰማም፤ ዲሹም ሥዕሉን ያጠፋዋል። ጎረቤት አይጠይቀኝም ብሎ ያማርራል። እነሱማ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተን» እያሉ ነው የሚያልፉት፤ የሚሰማቸው የብረቱ በር ነው።

ሁለት ክረምት ከከረመ በኋላ ልጆቹ ሩቅ ነው አሉ፤ ጉልበቱም በጭቃው መሸነፉን አመነ። ያው ደላላ ሌላ ገዢ ይዞ መጣ። ባለቤቱ ሴራሚኩ ከየት እንደመጣ፣ የኮርኒሱ ሥራ ስንት እንደፈጀ ከክፍል ክፍል እየዞረ ያስረዳል። ደላላው ገዢውን ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደውና አጥሩን ከጥግ እስከ ጥግ በጣቱ እያሳየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የቤቱ ነገር አያሳስብዎት፤ እሱ በሁለት ቀን ይፈርሳል» አለው።