አፖሎ ድንኳን ውስጥ ነው

አጭር ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ የተነሡት ሦስት ሰዎች የመክፈቻውን ትዕይንት ገና አቴንስ ሳሉ በሐሳባቸው ጨርሰውታል። ጎህ ሲቀድ ጭጋጉ ይገፈፋል፤ በፔሎፖኔዝ ተራሮች መካከል ለብቻው የቆመው የባሳይ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ዓምዶቹን ያሳያል፤ ከሥር ዋሽንት ይሰማል። ዋሽንቱ እንዲያውም አስቀድሞ ተቀርጿል።

ከአንድሪትሴና ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ጥምዝምዙ አያልቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ካለፉ በኋላ ጭጋጉ እንደታዘዘ ሁሉ ጠበቃቸው። ሲገፈፍ ግን ብቅ ያለው ዓምድ አልነበረም፤ ግዙፍ ነጭ ድንኳን እንጂ። አዲስ አበባ ቢሆን «ሰርግ ነው ለቅሶ?» ያሰኛል።

«ጊዜያዊ ነው» አሏቸው ዘበኛው። «እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ።»

ድንኳኑ ያለ ምክንያት አልተተከለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የታነጸው ሕንፃ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የተራራው ውርጭ ይሰነጥቀዋል፣ ዝናብ ይበላዋል፣ ርእደ መሬትም አይምረውም። ላሊበላ ላይ የተዘረጋውን መጠለያ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ፎቶው ግን ያው ተበላሸ።

ካሜራማኑ ተስፋ አልቆረጠም፤ የማለዳዋን ፀሐይ በዋናው በር ስትገባ ሊይዛት ጠበቀ። የግሪክ ቤተ መቅደሶች አብዛኞቹ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ይኼኛው ወደ ሰሜን ነው። የድምፅ ባለሙያውም ከነፋሱና ከሸራው መንጓጓት በቀር የቀዳው ነገር የለም።

ፊልሙን ያተረፈችው ቀበሮ ናት። እ.ኤ.አ. በ1811 እንግሊዛዊው አርክቴክት ኮክሬልና ጀርመናዊው ሃለር ፍርስራሹን ሲለኩ አንዲት ቀበሮ ከድንጋይ ክምር ሥር ተፈትልካ አመለጠች። ጉድጓዷን አጎንብሰው ቢያዩ፣ ከውስጥ የተቀረጸ ምስል ይታያል! በቀጣዩ ዓመት ቁፋሮው ሲካሄድ 23 የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ወጡ፤ ጠቅላላ ርዝመታቸው 31 ሜትር ገደማ፣ ግሪኮች በተረት ከሚታወቁት ተዋጊ የአማዞን ሴቶች ጋር፣ ላፒት የተባሉ የተረት ሰዎችም ከወገባቸው በታች ፈረስ ከሆኑት ሴንታውሮች ጋር ሲተናነቁ የሚታይባቸው። የፔሎፖኔዝ ገዥ የነበረው ቬሊ ፓሻ ፈቃዱን በገንዘብ ሸጠ፤ ቅርጾቹ በ1814 ዛንቴ ደሴት ላይ ለጨረታ ቀርበው እንግሊዞች ወሰዷቸው። ለቀበሮዋ የድለላዋን የሰጣት የለም።

አዘጋጁ ይህን ከዘበኛው ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ቅርጾቹን አሁኑኑ እንቅረጽ!»

«ሎንደን ናቸው» አሉ ዘበኛው። «ብሪቲሽ ሙዚየም።»

ያን ሁሉ ዳገት የተወጣለት የሩቁ ቤተ መቅደስ ጌጥ ከምድር ውስጥ ባቡር ወርዶ በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ሆኖ ተገኘ። ለአዘጋጁ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እዚያ ቀበሮ ከየት ይመጣል? እሱስ ሞልቷል። ሎንደን ውስጥ ሲመሽ ቀበሮ በየሰፈሩ የቆሻሻ ከረጢት ሲቀድ ነው የሚያድረው።